መልስ፦ አጥሚት እየጠጣ ኪሎ ያልጨመረ የ8 ወር ልጅ

አጥሚቱን ወፈር አድርጊው። በቀን አራቴ በጡጦ እየጠጣ ኪሎ አልጨመረም ያልሽው፣ ሆዱን የሚሞላው ውሃው ስለሆነ ይመስለኛል። ከማንኪያ ላይ ቶሎ የማይፈስ ገንፎ አድርገሽ በማንኪያ አብይው። በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፤ ጡቱን ግን እንዳታቋርጪ።

አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት፣ ሲገኝም እንቁላል ጨምሪበት። ባሕር ዳር ሆነሽማ ዓሣ አለልሽ! ሥጋው ካልተቻለ ትንሽ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለውን ዓሣ) በደንብ ቀቅለሽ አድቅቀሽ ቀላቅይው።

ዓሣው ላይ ግን ተጠንቀቂ። «አጥንት የለውም» ብለው የሸጡልኝን አምኜ፣ እንደ ክር የቀጠነ እሾህ ልጄ ጉሮሮ ላይ ሊቀር ነበር። አሁን እያንዳንዷን ቁራሽ በጣቶቼ ሳላሽ አልሰጣትም። ጥሬው ደግሞ እኛ ብንወደውም ለሱ አይሆንም።

ለማንኛውም በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ውሰጂው፤ ይመዝኑታል፣ ክንዱንም ይለኩልሻል።