ሉቱን ከቦሱ በፊት ተካፈሉት

ሉቱን፣ ማለትም ቦስ (ትልቁ ጠላት) ሲሞት የሚወድቀውን እቃ፣ እንዴት እንካፈል ብለህ የጠየቅከውን ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ አለኝና ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። ከደሴና ከኮምቦልቻ 11 ልጆች፣ የቀሩት ከአዲስ አበባና ከውጭ፣ 20 ሆናችሁ ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ጌም ላይ ዙልጉሩብ የሚባለውን ሬይድ (ብዙ ሰው አብሮ ቦስ የሚገድልበት ቦታ) ትገባላችሁ፣ ባለፈው ቦሱ ማንዶኪር ላይ ራፕተሩ (የሚጋለብ እንስሳ) ወደቀና ሁለት ልጆች ተጣልተው እስካሁን አይነጋገሩም ብለሃል። አብሽር ወንድሜ፣ ይስተካከላል፣ ግን ቶሎ ካልያዛችሁት ግሩፑ ይበተናል። የኛ ተበትኗል።

በ2019 እ.ኤ.አ. ክላሲክ (የጌሙ የድሮ ቅጂ) እንደተከፈተ ከውጭ ልጆች ጋር ሞልተን ኮር የሚባል ሬይድ እገባ ነበር፣ 40 ሰው ነው። የሚጀምረው በኛ ማታ 4 ሰዓት ነው፣ ፈረንጆቹ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ደግሞ 3 ይሆናል፣ እና እኔ ታንክ (የቦሱን ምት የሚቀበለው) ስለነበርኩ ሁለት ወር ሙሉ አንድም ቀን አልቀረሁም። አንድ ማታ ተንደርፊዩሪ የሚባለው ሰይፍ የሚሠራበት ባይንዲንግ ወደቀ (ሁለት ግማሽ ነው፣ አንዱ ባሮን ጌዶን ከሚባለው ቦስ፣ አንዱ ጋር ከሚባለው ቦስ ነው የሚገኘው፣ ማግኘቱ በጣም ከባድ ነው) መሪው ምንም ሳይናገር ለጓደኛው ሰጠው፣ ልጁ ገና 3ኛ ሬይዱ ነበር። ምክንያት ሊኖረው ይችላል፣ ግን አልነገረንም። እኔን ያቃጠለኝ እቃው መሄዱ አይደለም፣ ዝምታው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ብዙ ሰው ቀረ፣ ከወር በኋላ ጊልዱ (ግሩፑ) ራሱ አልነበረም።

ብዙ ልጆች ሉትን እንደ ቅርጫ ነው የሚያስቡት። ቅርጫ ላይ እኮ በሬው ታርዶ ከጎድኑም ከጉበቱም ለሁሉም መደብ ይደርሳል፣ ከዛ ዕጣ ይጣላል፣ ማንም አይከፋም። ሰይፍ ግን አይቆረጥም፣ አንዱ ሙሉውን ወስዶ 19ኙ ባዶ እጃቸውን ይገባሉ። ስለዚህ ነገሩ ለዕቁብ ነው የሚቀርበው፣ ሁሉም ይጥላል አንዱ ይወስዳል ሌላው ተራዬ ይደርሳል ብሎ ይጠብቃል፣ እና ዕቁብ ላይ ቀድሞ በልቶ እንዳይጠፋ ዋስ ይጠራል አይደል፣ ሬይድ ላይ ግን ዋስ የለም፣ ምርጡን እቃ ወስዶ በሚቀጥለው ሬይድ የማይመጣ ሰው ሞልቷል። አሁን ያለሁበት ግሩፕ ውስጥ አዲስ ሰው የመጀመሪያ 3 ሬይዱን ነባሮቹ ያልፈለጉትን ብቻ ነው የሚወስደው፣ ይሄን ደግሞ ሳይገባ በፊት እንነግረዋለን።

ለእናንተ የምመክረው ሶፍት ሪዘርቭ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት እያንዳንዱ ሰው የሚፈልገውን 1 እቃ ሁሉም በሚያየው ሺት ላይ ይጽፋል፣ ያ እቃ ከወደቀ የጻፉት ብቻ ከ1 እስከ 100 ሮል ያደርጋሉ (ጌሙ በዕጣ ቁጥር ይሰጣቸዋል፣ ትልቁን ያገኘ ይወስዳል)፣ ማንም ያልጻፈውን ደግሞ የሚያስፈልገው ሁሉ ሮል ያድርግበት። መሪውም እንደሌላው 1 ብቻ ይጻፍ። የመጀመሪያው ቦስ ከተጀመረ በኋላ ሺቱ ይቆለፍ፣ ይሄ ላይ እንዳትለሳለስ።

ዲኬፒን ብዙዎቹ ያነሱልሃል፣ ኤቨርክዌስት ከሚባለው የድሮ ጌም ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ በመጣህ ቁጥር ነጥብ ታገኛለህ እቃ ስትወስድ ይቀነስብሃል። ጥሩ ነው፣ ግን ነባሩ 300 አዲሱ 40 ነጥብ ከያዙ አዲሱ ለምን ይመጣል? በየሳምንቱ ከሁሉም 10 በመቶ ከቀነሳችሁ ልዩነቱ ከ260 ወደ 234 ይወርዳል፣ እንደዛ እየጠበበ ይሄዳል። ሰዎቻችሁ ሳይቀያየሩ ሁለት ሦስት ወር ከቆያችሁ ያኔ ሞክሩት። እቃው በጌሙ ወርቅ በጨረታ የሚሸጥበትን ጂዲኬፒ ግን ተዉት፣ በ2024 እ.ኤ.አ. የተከፈቱት የክላሲክ አኒቨርሰሪ ሰርቨሮች ላይ ክልክልም ነው።

የኛ አገር ነገር ደግሞ መብራት አለ። ኮምቦልቻ ያለው ሂለራችሁ (ሌሎቹን የሚፈውሰው) ቦሱ ሕይወቱ 5 በመቶ ሲቀረው መብራት ቢሄድበት ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ እስከዛ ድረስ አብሯችሁ ለፍቷል። የጻፈው እቃ ከወደቀ ሌላ ሰው በስሙ ሮል ያድርግለት። ጌሙ የወደቀን እቃ እዛው ለነበረ ሰው ለማስተላለፍ የ2 ሰዓት ጊዜ ይሰጣል፣ ስለዚህ አንዱ ይያዝለት፣ በዛ ጊዜ ውስጥ ካልተመለሰ ግን እቃው ለሚቀጥለው ይሂድና እሱ በሌላ ቀን ያለ ሮል ይውሰድ። ይሄንንም ጻፉት፣ በቃል ብቻ ከሆነ ማታ 6 ሰዓት ላይ ደክሟችሁ ትጨቃጨቃላችሁ።

ራፕተሩ ማውንት (መጋለቢያ) ነው፣ ማንንም ጠንካራ አያደርግም፣ ስለዚህ ታንክ ሂለር ሳይባል 20ውም ሮል ያደርጉበታል፣ ሌላው ቦስ ቴካል የሚጥለው ነብርም እንደዛው። ያለፈውን ግን መመለስ አይቻልም፣ የወሰደው ልጅም ሕግ ስላልነበረ ሕግ አልጣሰም። ሁለቱም ደሴ ከሆኑ ፒያሳ ቡና ጋብዛቸውና ሺቱን አብረው ይሥሩት፣ የተከፋው ልጅ ሕጉን ራሱ ቢጽፈው ደስ ይለኛል። የኛን ባዶውን ሺት ከፈለጋችሁ ዛሬ ማታ እልክልሃለሁ።