ለማፍረስስ ለምን ኃይል ያስፈልጋል?

ውድ ልጄ፣

«ሕዋስ ፕሮቲን ለመሥራት ኃይል ማውጣቱ ይገባኛል፤ ለማፍረስስ ለምን ያስፈልገዋል?» ብለሽ ጽፈሽልኛል። ይህን ጥያቄ ከዕድገት በኅብረት ዘመቻ በፊት አንድ የጎጃም ልጅ፣ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ፣ ሲጠይቅ ሰምቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1953 በአይጥ ጉበት ላይ ስለተሠራ ሙከራ አንብቦ ነበር፤ ሕዋሱ ኃይል ሲያጣ የፕሮቲኑ መፍረስም ይቀንሳል። «ሆዳችን ውስጥ ሥጋ የሚፈጩት ኢንዛይሞች ኤቲፒ፣ ያንን የሕዋስ ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል፣ አይጠይቁም፤ ይህኛው ለምን ይጠይቃል?» አለ። መምህሩ «ፈተና ላይ አይመጣም፣ ተቀመጥ» አሉት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ እጁን ሲያወጣ አላየሁም፤ ከዘመቻው ስንመለስም ወደ ሒሳብ አያያዝ ተዛወረ። ቤት ሠራ፣ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ አበቃ። እኔን ግን ዛሬም ይቆጨኛል።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ እስራኤል አገር ሃይፋ ላይ አቭራም ኸርሽኮና ተማሪው አሮን ቺካኖቨር ይህንኑ ጥያቄ ያዙ፤ ፊላደልፊያ የነበረው ኧርዊን ሮዝም አገዛቸው። ካልበሰሉ የጥንቸል ቀይ የደም ሕዋሳት ያወጡትን ፈሳሽ ለሁለት ከፈሉት። አንደኛው ደምን የሚያቀላው ፕሮቲን ሂሞግሎቢን የሞላበት፣ ሌላ ሰው የሚደፋው ነበር። እነሱ አልደፉትም። ሁለቱ ለየብቻ ፕሮቲን አያፈርሱም፤ ሲቀላቀሉ አፈረሱ። ያንን ቀይ ፈሳሽ ቢያሞቁት ሂሞግሎቢኑ ረግቶ ወረደ፤ ሙቀት የማይበግረው ትንሽ ፕሮቲን ቀረ። ኋላ ዩቢኩዊቲን መሆኑ ታወቀ፤ 76 አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን ጡብ) ብቻ። ሦስት ዓይነት ኢንዛይሞች እየተቀባበሉ መፍረስ ያለበት ፕሮቲን ላይ በሰንሰለት ይለጥፉታል፤ ፕሮቲያሶም የተባለው በርሜል መሰል አካል ሰንሰለቱን አይቶ ፕሮቲኑን ይዘረጋና ይቆራርጠዋል። ኤቲፒው የሚወጣው ምልክቱን ለመለጠፍና የታጠፈውን ለመዘርጋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሦስቱ የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ።

አንብቡ፣ ማስታወሻ ያዙ አልልም፤ ታውቁታላችሁ። የዛሬ ልጆች መልስ ቶሎ ስለምታገኙ ጥያቄ ላይ አትቆዩም። እርግጥ የእኛ ክፍልም ቢሆን ያ ሁሉ ሳቂ ነበር፤ አንቺ ደግሞ ይኸው ጠየቅሽ።

ለመመረቂያ ጥናትሽ ርዕስ ካጣሽ የማኅፀን በር ካንሰርን ተመልከቺ፤ በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚመጣው እሱ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ፓፒሎማ ቫይረስ ኢ6 በተባለ ፕሮቲኑ የሕዋሱን ኢንዛይም ይጠመዝዝና ካንሰርን በሚከላከለው ፒ53 በተባለ ፕሮቲን ላይ ዩቢኩዊቲን ያስለጥፋል፤ ሕዋሱ ጠባቂውን በገዛ መሣሪያው ያፈርሳል። ክትባቱ ለልጃገረዶች ይሰጣል፤ ቫይረሱ አስቀድሞ ለያዛቸው እናቶች ግን ያንን የዩቢኩዊቲን መለጠፍ የሚያስቆም መድኃኒት ያስፈልጋል። ከዚያ ጀምሪ።