«በማነሳሳቱ ታሰረ» ወይስ «አነሳስቷል በሚል»?

ጥያቄ፦ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበቡን እመራለሁ። አንዲት ተማሪ «ጋዜጠኛው ሕዝብን ለአመፅ በማነሳሳቱ ታሰረ» የሚል ዜና ጽፋ መጣች። ጓደኛዋ «አነሳስቷል በሚል ተጠርጥሮ ታሰረ» ነው የሚባለው ብሎ ተከራከራት። ልዩነት አላቸው?

መልስ፦ አላቸው፤ ልጁ ልክ ነው።

«በማነሳሳቱ» ማለት «ስላነሳሳ» ማለት ነው። እንዲህ ብላ የጻፈች ልጅ ሰውየው ድርጊቱን መፈጸሙን በራሷ አንደበት አረጋገጠች። «በሚል» ሲገባ ግን ክሱ የከሳሹ ቃል ሆኖ ይቀራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ይላል። ያቺ «በማነሳሳቱ» የምትባል ቃል ይህን መብት ሰተት ብላ ትሻገረዋለች።

በንግግርማ አሳምረን እንለየዋለን። ባጃጅ ውስጥ አንዱ «አሳድሞ ነው የታሰረው» ሲል ሌላው «አሳድሟል ተብሎ ነው በል እንጂ፣ አይተሃል?» ይለዋል። ብዕር ስንይዝ ዓረፍተ ነገር ለማሳጠር ስንል «ተብሎ»ን እንጥላታለን። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ሰውየው በነፃ ቢለቀቅ እንኳ ስሙ ላይ የተለጠፈው «አነሳሽ» የሚል ቃል አይነሳለትም።

«ማነሳሳት» ራሱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተማሪን ለንባብ እናነሳሳለን፤ ማንም አይከሰንም። «ቀሰቀሰ»ም እንዲሁ ነው፤ የምርጫ ቅስቀሳ ሕጋዊ ሥራ ነው። ስለዚህ «ሕዝብን ቀስቅሷል» ብሎ ማቆም ምንም አይነግረንም። ለምን ቀሰቀሰ? ምን ብሎ? ቃሉን ራሱን ጥቀሱ። አለበለዚያ «መንገዱ ለምን አይጠገንም?» ያለ ሰውና «ሂዱና ቤታቸውን አቃጥሉ» ያለ ሰው በአንድ ግስ ይጠራሉ።

ሁለተኛውን ሕግ ሊቀጣው ይገባል፤ በቃል ተጀምሮ የሰው ሕይወት ሲጠፋ አይተናል። የመጀመሪያው ግን ሐሳቡን ገለጸ እንጂ ሌላ ምን አደረገ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ሊገደብ የሚችለው በሕግ መሆኑን ይናገራል። ያም ሕግ ነፃነቱ በሐሳቡ ይዘት ወይም በሚያስከትለው አስተሳሰባዊ ውጤት ሊገታ አይገባም ከሚል መርህ መነሳት አለበት። የጥላቻ ንግግርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም የዜና ዘገባንና የፖለቲካ ትችትን ከክልከላው ነጥሎ ያወጣል።

ይኸው አዋጅ ንግግሩንና ንግግሩ ያስከተለውንም ይለያል። ለጥላቻ ንግግር ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ነው። በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከተፈጸመ ግን ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ይሆናል። ዜና ጸሐፊም እንዲሁ መለየት አለባት። «ለአመፅ አነሳሳ» የሚለውን ያነበበ ሰው አመፅ ተነስቷል ብሎ ያስባል። ካልተነሳ «ለማነሳሳት ሞክሯል በሚል» ይባል።

እንግዲህ የልጅቷን ዜና እንዲህ ብታስተካክሉት ጥሩ ነው፦ «ጋዜጠኛው ሕዝብን ለአመፅ ለማነሳሳት ሞክሯል በሚል ተጠርጥሮ ታሰረ»። ቀጥሎ ሰውየው የተናገረው ቃል ይግባ፤ እሱ የሰጠው መልስ ካለም አይቅር። ክስ ሲመሠረት «ተጠርጥሮ» በ«ተከሶ» ይተካል። ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ካለው ደግሞ «ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ ብሎታል» ብላ ትጻፍ።