ወፍ ለማየት የትኛው ባይኖኩላር ይሻላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ መምህር ነኝ። የተፈጥሮ ክበባችን ቅዳሜ ጠዋት ተማሪዎችን ይዞ ሐይቁ ዳር ይወጣል፤ እስካሁን ግን የምናየው በባዶ ዓይን ነው። ሜሪላንድ የምትኖር እህቴ ለበዓል ስትመጣ ባይኖኩላር ላምጣላችሁ ብላለች። የመደበችው 300 ዶላር ነው። አንድ ጥሩ ይሻላል ወይስ ሦስት ርካሽ? ባልደረቦቼ «የሚያቀርበው በበዛ ቁጥር ይሻላል፤ 20×50 አስመጣ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ መነጽር አደርጋለሁ። ምን ይመክሩኛል?
መምህሩ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ መምህር፣ 20×50 የሚለውን ጨርሶ ይተውት። የመጀመሪያው ቁጥር መሣሪያው ስንት እጥፍ አቅርቦ እንደሚያሳይ፣ ሁለተኛው የፊት ሌንሱ ስንት ሚሊ ሜትር ስፋት እንዳለው ነው የሚናገረው። 20 እጥፍ የሚያቀርብ መሣሪያ ወፉን ሲያጎላ የእጅዎንም መንቀጥቀጥ፣ ትንፋሽዎንም አብሮ 20 እጥፍ ያጎላዋል። ባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ካልተሰቀለ ምስሉ አይረጋም፤ ያልረጋ ምስል ላይ ደግሞ የላባ ቀለም መለየት አይቻልም። በእጅ ለሚያዝ ባይኖኩላር ከ10 በላይ አልመክርም። ለጀማሪና ለተማሪ ልኩ 8 ነው።

8ን የምመርጠው ስለሚረጋ ብቻ አይደለም፤ ሰፋ አድርጎም ያሳያል። ብዙዎቹ ጥሩ 8×42 ባይኖኩላሮች በ1,000 ሜትር ርቀት ላይ ከ130 እስከ 140 ሜትር የሚደርስ ስፋት በአንድ ጊዜ ያሳያሉ፤ 10×42 አብዛኛውን ጊዜ 110 ገደማ ላይ ይቀራል። ዓሣ ገበያው ላይ የሚንጎራደደውን አባ ኮዳ ለማየት ይህ ልዩነት ምንም አይደለም፤ እሱማ ባይኖኩላርም አያስፈልገው። ፊላው ውስጥ የምትቀመጠውን ማላካይት ኪንግፊሸር ግን ያስቡ። ጀርባዋ ሰማያዊ፣ ሆዷ ብርቱካናማ፣ መጠኗ ከድንቢጥ ብዙም የማትበልጥ ናት። ውኃው ውስጥ ተወርውራ ገብታ ወጥታ ሌላ ዘንግ ላይ ታርፋለች፤ ይህ ሁሉ ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም። ጠባብ ዕይታ ያለው መሣሪያ የያዘ ተማሪ ውኃውን ሲያስስ እሷ ሄዳለች።

ሁለቱን ቁጥሮች ደግሞ ያካፍሏቸው። 42 ለ8 ሲካፈል 5 ሚሊ ሜትር ከሩብ ይመጣል፤ ወደ ዓይንዎ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይህ ነው። በ20×50 ክቡ 2.5 ብቻ ይሆናል። እኩለ ቀን ላይ የዓይናችን ብሌን ስለሚጠብ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። ወፎች በደንብ የሚንቀሳቀሱት ግን ማለዳ ነው፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በሾላው ጥላ ሥር ሲያዩ አንዱ ጥርት ያለ ወፍ ያሳያል፣ ሌላው ጥቁር ነገር ብቻ።

እርስዎ መነጽር ስለሚያደርጉ ከቁጥሮቹ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ አይ ሪሊፍ የሚባለው ነው፤ ዓይን ከኋላው ሌንስ ምን ያህል ርቆ ሙሉውን ምስል ማየት እንደሚችል የሚገልጽ ልክ ነው። መነጽር ላደረገ ሰው ቢያንስ 16 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ ዙሪያው ይጠቁርና መሃሉን ብቻ ያያሉ። መነጽርዎን አውልቀው ማየት ይችላሉ የሚልዎት ይኖራል። የርቀት ችግር ብቻ ካለብዎ እውነት ነው፤ አስቲግማቲዝም (የዓይን ፊት ክብነቱ እኩል አለመሆን) ካለ ግን ባይኖኩላሩ አያስተካክለውም። ደግሞም መነጽር ሲያወልቁና ሲያደርጉ ወፉ አይጠብቅዎትም።

ወደ 300ው ዶላር ልምጣ። ሦስት ርካሽ አይግዙ፤ በሁለት ወር ውስጥ ሌንሳቸው ይዛነፍና ተማሪዎቹን ራስ ምታት ያስይዟቸዋል። ለክበብ አንድ ብቻ መግዛቱም ልክ አይመስለኝም፤ አንዱ ሲያይ ሌላው ተራ እየጠበቀ ወፉ ይበራል። እኔ ብሆን ሁለት ፖሮ እገዛ ነበር። ፖሮ ማለት ትከሻው ሰፋ ያለው፣ የፊት ሌንሶቹ ከኋለኞቹ ይበልጥ ተራርቀው የተቀመጡት የድሮው ቅርጽ ነው። ኢጣሊያዊው ኢግናዚዮ ፖሮ በ1854 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት የፕሪዝም (ውስጡ ሆኖ ብርሃኑን የሚያጥፈው መስተዋት) አቀማመጥ ነው፤ ዛይስ በ1894 እ.ኤ.አ. ለገበያ ካወጣው ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም። ቀጥ ያለው፣ ቀጠን የሚለው አዲሱ ቅርጽ ሩፍ ይባላል፤ ሲይዙት ደስ ይላል፣ ግን ፕሪዝሙ እጅግ ጥንቃቄ የበዛበት አሠራርና ፌዝ ኮቲንግ የሚባል ልዩ ሽፋን ይፈልጋል። ርካሽ ሩፍ ላይ የሚጎድለው ይኸው ነው። ስለዚህ በ150 ዶላር አካባቢ የሚገዛ ፖሮ በዚያው ዋጋ ከሚገኝ ሩፍ ብዙውን ጊዜ የተሻለ ምስል ይሰጣል።

በስም ጥቀስ ካሉኝ፣ ኒኮን አክሽን ኢኤክስ 8×40 ለእርስዎ ይስማማል። ውኃ አያስገባም፤ አይ ሪሊፉ 17 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ1,000 ሜትር ላይ 143 ሜትር ያሳያል። ክብደቱ 855 ግራም ስለሆነ ለአንገት ይከብዳል፤ ከ5 ሜትር በታች ያለ ነገርም አያጠራም፣ ቢራቢሮ ለማየት አይመችም። የዚያው ድርጅት አኩሎን ዋጋው ቀለል ይላል፤ 8×42ው ግን አይ ሪሊፉ 12 ብቻ ስለሆነ ለእርስዎ ዓይን አይሆንም። እህትዎ ዕቃ ከሚመልስ ሱቅ ትግዛና ከመሳፈሯ በፊት ሳሎኗ መስኮት ላይ ሆና ትሞክረው።

አንድ ነገር እንዳይረሳ። ባይኖኩላር ቦሌ ላይ እንደ ካሜራ በቀላሉ የሚታለፍ ዕቃ አይደለም፤ ፈቃድ ሊጠየቅበት፣ ሊያዝም ይችላል። ትምህርት ቤቱ ዓላማውን የሚገልጽ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይጻፍላት፤ ጉምሩክንም ትኬት ከመቆረጡ በፊት ጠይቁ።

ተማሪዎቹ እጅ ሲገባ ደግሞ መጀመሪያ የሚማሩት ለየራሳቸው ዓይን ማስተካከልን ይሁን። ሁለቱ ክቦች አንድ ክብ እስኪሆኑ ማጠፊያውን ያጥብቡት ወይም ያስፉት። ከዚያ ቀኝ ዓይን ተጨፍኖ በመሃሉ ማዞሪያ የሩቅ ታፔላ ጽሑፍ እስኪጠራ ይስተካከል፤ ቀጥሎ ግራው ተጨፍኖ በቀኙ ዓይን በኩል ያለው ቀለበት ብቻ ይዙር። የቀለበቱን ቦታ እያንዳንዱ ልጅ በቃሉ ይያዝ። ወፍ ሲያዩም ዓይናቸውን ከወፉ ሳይነቅሉ ባይኖኩላሩን ወደ ዓይናቸው ያምጡት። ወደ ፀሐይ ግን ፈጽሞ አያዙሩት፤ ዓይን ያጠፋል።


ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ያለሁት ጎባ ነው። ቱሪዝም ተመርቄ ባሌ ተራሮች ላይ አስጎብኚነት እየተለማመድኩ ነው። አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ውስጥ 30×60 የተጻፈበት፣ ሌንሱ ቀይ የሚያብረቀርቅ ባይኖኩላር በርካሽ አገኘሁ። ባለሱቁ ለሌሊትም ይሆናል ብሎኛል። ልግዛው ወይስ ገንዘብ አጠራቅሜ 10×42 ልግዛ?
ተለማማጁ፣ ከጎባ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዳትገዛው። ቀይ ሆኖ የሚያብረቀርቀው ሽፋን ቀዩን ብርሃን ወደ ውጭ እየመለሰው ነው፤ ያ ብርሃን ዓይንህ መድረስ ነበረበት። የሚቀርልህ የፈዘዘና ቀለሙ የተዛባ ምስል ነው። 30×60 የሚለውን ደግሞ በማስመሪያ ለካው፤ በመዳፍ የሚያዙት ትንንሾቹ ላይ ከሆነ የፊት ሌንሱ 60 ሚሊ ሜትር ቀርቶ 30ም ላይሞላ ይችላል። ለሌሊት ይሆናል የተባለውን አትመን፤ ተራ ሌንስ ጨለማ ውስጥ የሌለ ብርሃን አይፈጥርም። ማጉያው የሚቀያየረውን ዙም ባይኖኩላርም በዚሁ እለፈው፤ ዕይታው ጠባብ ነው፣ ሁለቱ በርሜሎችም (የሚታይባቸው ቱቦዎች) ቶሎ ይዛነፋሉ።

ማንኛውንም ሱቅ ስትገባ ዕቃውን ይዘህ በር ላይ ውጣ። ክንድህን ዘርግተህ የኋላውን ሌንስ ወደ ራስህ፣ ፊቱን ወደ ብሩህ ሰማይ አዙር። ሁለት ብሩህ ነጥቦች ታያለህ። ድፍን ክብ ከሆኑ ፕሪዝሙ ባክ-4 የሚባለው የተሻለው መስተዋት ሳይሆን አይቀርም፤ ጠርዛቸው ተቆርጦ አራት ማዕዘን ከመሰለ ርካሹ ቢኬ7 ነው። ቀጥሎ ራቅ ያለ የሕንፃ ጣሪያ መስመር ላይ አነጣጥርና ቀስ እያልህ ከዓይንህ አርቀው፤ በግራው ያለው መስመርና በቀኙ ያለው ደረጃ ከሠሩ በርሜሎቹ ተዛንፈዋል፣ መልስለት። ከዚያ በሰማይ ላይ የሚያንዣብብ ጥቁር ነገር ፈልግ፤ ቁራ ወይም ጭልፊት አዲስ አበባ ሰማይ ላይ አይጠፋም። ጠርዙ ላይ ሐምራዊ መስመር እየሮጠ ከከበበው የሌንሱ መስተዋት ተራ ነው። ኢዲ የሚባለው መስተዋት ገንዘብ የሚጠየቅበት ይህን ለማጥፋት ነው። ያገለገለ ዕቃ ከሆነ በስልክህ መብራት ውስጡን አብርተህ እይ፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካለ ሻጋታ ነውና ተወው።

10×42 ልግዛ ወይ ላልኸኝ፣ በ10 እና በ8 መካከል መምረጡን የሚያከብደው የአንተ ቦታ ነው። ሳነቴ አምባ ላይ ከሆንህ 10 ይፈታተንሃል። ከ4,000 ሜትር በላይ ነህ፣ ዛፍ የለም፤ ሰማያዊ ክንፍ ያላት ዝይ ኩሬው ማዶ ናት፤ ቀይ ቀበሮው ፍልፈል ሲያደባ ሩቅ ነው። ነገር ግን እዚያ ያለው ነፋስ ልብስህን ሲያራግብ፣ ከፍታው ትንፋሽህን ሲያሳጥረው በ10 የምታየው ይንቀጠቀጥብሃል። ያው መንገድ ደግሞ ቁልቁል ወርዶ ሪራን አልፎ ሐረና ጫካ ይገባል። እዚያ ቅጠል ከቅጠል ጋር ተደራርቦ ወፉ በክፍተቱ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው በሁለቱም ቦታ የሚሠራለትን ይግዛ፤ እሱም 8×42 ነው። ሩቁን ለማየት እንግዶችህ ብዙ ጊዜ ቴሌስኮፕ ይዘው ይመጣሉ።

ውኃ የማያስገባና በናይትሮጅን የተሞላ መሆኑን ግን ለድርድር አታቅርበው። ከሳነቴ ብርድ ተነሥተህ ሐረና ሙቀትና እርጥበት ውስጥ ስትገባ ማንኛውም ሌንስ ከላይ ጉም ይለብሳል፤ እሱ በደቂቃዎች ይጠፋል። ናይትሮጅን የሌለው ግን ከውስጥ ነው ጉም የሚለብሰው፤ ያን ጊዜ ምንም ብትጠርገው አይጠራም። እንግዳህ ገንዘቡን ከፍሎ መጥቶ አንተ ምን እንዳየህ መናገር አትችልም።

በአሁኑ ገበያ በ200 እና በ300 ዶላር መካከል ቮርቴክስ ዳይመንድባክ ኤችዲ 8×42ን አስቀድማለሁ። በ1,000 ሜትር ላይ 131 ሜትር ያሳያል፤ ከ2 ሜትር ባነሰ ርቀት ያለውንም ያጠራል። ዋስትናው ዕድሜ ልክ ነው፤ ደረሰኝ አይጠይቅም፣ ሁለተኛ እጅ ለገዛም ይሠራል። ኒኮን ሞናርክ ኤም5ም ጥሩ ነው፤ ዕይታው ጠበብ ቢልም መነጽር ለሚያደርግ ይመቻል። ከዚህ በላይ ያሉት ስዋሮቭስኪ፣ ዛይስና ላይካ ምርጥ ሞዴላቸው ከ2,000 ዶላር ያልፋል። እንግዳህ ከያዘ አንድ ጊዜ አስፈቅደህ እይበት፤ ሲመሽ እይበት። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበትን የኛን ትልቅ ቁራ ጥቁር ላባ እያንዳንዱን ለይቶ ያሳይሃል፤ ከዕይታው ጠርዝ እስከ ጠርዝ ይጠራል። ዓይንህ ጥሩ ምን እንደሆነ ካወቀ የሱቅ ወሬ አያታልልህም። አንዳንድ እንግዶችም ሲሄዱ መሣሪያቸውን መሸጥ ይፈልጋሉ፤ ከአስጎብኚዎች ማኅበር ጋር ተቀራረብ።

ሌንሱን በጋቢህ ጫፍ አትጥረግ። በጋቢው ላይ ያለው አቧራ ሽፋኑን ይፍቀዋል። መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አራግፍ፣ ከዚያ እፍ ብለህ በመነጽር ጨርቅ ጥረገው።


ጥያቄ፦ ከእስራኤል፣ ከነታንያ ነው የምጽፍልዎ። አባቴ 74 ዓመቱ ነው፤ ያደገው ደንቢያ ነው። የዚህ አገር ክረምት ሲመጣ ሰሜን እስራኤል ሑላ ሸለቆ የሚያርፉትን፣ ክሬን የሚባሉ ረጃጅም ግራጫ ወፎች በቴሌቪዥን አይቶ «እነዚህ እኛ አገር እህል ሲሰበሰብ የሚመጡት ናቸው» አለኝ። ልወስደው እፈልጋለሁ። ምን ዓይነት ባይኖኩላር ልግዛለት? እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።
ልጁ፣ ከነታንያ

መልስ፦ አባትዎ ልክ ናቸው። የወፍ ዝርያው ያው ነው፤ ከሰሜን ተነሥተው ከፊሎቹ ሑላ ይቀራሉ፣ ከፊሎቹ ወርደው ጣና ዙሪያ ይከርማሉ። ሑላ ላይ በአስር ሺዎች ስለሚሰበሰቡ ሩቅ የሚያቀርብ መሣሪያ አያስፈልግም። 8×32 ወይም 7×35 ይግዙላቸው። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ብሌን እንደ ወጣትነት አይሰፋም፤ የ8×32 4 ሚሊ ሜትር ለእሳቸው ይበቃል፣ የትልቁ ሌንስ ትርፍ ብርሃን ዓይናቸው ውስጥ አይገባም። ክብደቱም ከ42ቱ በጣም ይቀላል። ለሚንቀጠቀጥ እጅ 7 ከ8 ይሻላል። የአንገቱን ማንገቻ ትተው በሁለቱም ትከሻ የሚታሰረውን ይግዙ፤ ሲያዩም ክርናቸውን ደረታቸው ላይ ወይም አጥሩ ላይ ያስደግፉ።

ብዥ ይልብኛል ካሉ መሣሪያውን ከመለወጥዎ በፊት ዓይናቸውን ያስመርምሩ፤ የዓይን ሞራ ካለ ምንም ሌንስ አያጠራውም። ሱቅም ይዘዋቸው ይሂዱ። የመሃሉ ማዞሪያ ለጣታቸው ጠጣር አለመሆኑን እሳቸው ራሳቸው ይሞክሩት። ጉዞውን በታኅሣሥ ወይም በጥር ያድርጉት፣ ጎህ ሲቀድ እዚያው ድረሱ፤ ካደሩበት ውኃ በአንድነት የሚነሡት ያን ጊዜ ነው።