የኤሊዋን እንቁላል ጫጩት ማሽን ውስጥ ልክተተው?

በዚህ እትም የመረጥናቸው ሦስት ጥያቄዎች ሁሉም ስለ እንቁላል ናቸው። የዶሮ ግን አይደለም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምንኖረው ለገጣፎ ነው። ግቢያችን ውስጥ አማቴ ድሮ ከቆላ ያመጧት ትልቅ ኤሊ አለች፤ ድንጋይዋ ቢጫ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ጣል ጣል ያለበት። ሰሞኑን ፀሐይ የሚመታው ጎመን መደብ አጠገብ በኋላ እግሯ ስትቆፍር ዋለች። ልጆቼ ማታ ሄደው ሲጭሩት የፒንግፖንግ ኳስ የሚያካክሉ ነጫጭ እንቁላሎች አገኙ። ጫጩት እያስፈለፈሉ የሚሸጡ ጎረቤት አሉን፤ «አምጪው፣ እኔ ማሽን ውስጥ እከተዋለሁ፣ በ21 ቀን ይወጣልሻል» አሉኝ። ልስጣቸው? ደግሞ ወንድ ኤሊ ኖሮን አያውቅም፣ ከየት አመጣችው?
እናት፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ እንዳትሰጫቸው እህቴ! ማሽኑን ቢያውሱሽ ጥሩ ነው፤ ለጫጩት እንደሞሉት ግን አይሆንም። የዶሮ እንቁላል የሚፈለፈለው 37.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። የኤሊ እንቁላል እዚያ ሙቀት ውስጥ ከቆየ ሽሉ አለቀለት። 21 ቀን የሚባለውም ለዶሮ ነው። እንደገለጽሽልን ከሆነ ያንቺዋ በቆላውና በስምጥ ሸለቆ የምትገኘው ባለ ነጠብጣቧ ኤሊ ናት፤ የእሷ እንቁላል 30 ዲግሪ ገደማ ሙቀት እያገኘ እንኳ ከ4 እስከ 6 ወር ይፈጃል፣ ሊያልፍም ይችላል። ልጆቹ በየማለዳው «ወጣ ወይ?» እያሉ እንዳያደክሙሽ ከአሁኑ ንገሪያቸው።

መሬት ውስጥ ብተወውስ ትይ ይሆናል። ቆላ ብትሆኑ ኖሮ እንዳትነኪው እልሽ ነበር። ለገጣፎ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፣ ሌሊቱን አንቺው ታውቂዋለሽ። ቀን ፀሐይ ያሞቀው አፈር ማታ ይበርዳል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃ ነው። በብርድ የቆየ ሽል ወይ እድገቱ ይቆማል ወይ ቀስ እያለ ይሞታል። ኤሊዋ የምትችለውን አድርጋለች፣ ፀሐይ ያለበትን መርጣ ነው የቆፈረችው፤ አገሩ ነው ያልሆነላት።

ማሽኑን ካገኘሽ መጀመሪያ ማገላበጫውን አውጪው። የዶሮ እንቁላል ካልተገላበጠ ይበላሻል፣ የኤሊ ደግሞ ሲገላበጥ ነው የሚበላሸው፤ ምክንያቱም እንቁላሉ ከተጣለ ብዙም ሳይቆይ ሽሉ ላይኛው ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፣ ከዚያ በኋላ ከዞረ አስኳሉ ላዩ ላይ ይጫነዋል። ልጆቹ ሲያወጡት አገላብጠውት ከሆነ የሆነው ሆኗል። አሁን ባለበት አቀማመጥ አናቱ ላይ በእርሳስ ትንሽ ምልክት አድርጊ፤ ያ ምልክት እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ይይ። ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ የታጠበ አሸዋ ጨምሪ፤ ስትጨብጪው እርጥበቱ የሚሰማሽ፣ ስትጨምቂው ግን ውኃ የማያንጠባጥብ ይሁን። እንቁላሉን እስከ ግማሹ ቅበሪው።

ሙቀቱን በማሽኑ ስክሪን ብቻ አትመኚ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ስክሪኑ የሚያሳይሽ ሴንሰሩ የተንጠለጠለበትን ቦታ ነው፤ ማራገቢያ የሌለው ማሽን ከሆነ ደግሞ ከላይና ከታች ያለው ሙቀት አይገናኝም። ባለ ሽቦ ቴርሞሜትር ገዝተሽ ጫፉን እንቁላሉ አጠገብ አሸዋው ላይ አስቀምጪ። የምትታመነው የዚያች ቁጥር ናት።

ስንት ላይ ትሞይው? አሁን ነው ጉዳዩ የሚጣፍጠው፣ ምክንያቱም ሙቀቱ የሚወስነው መፈልፈሉን ብቻ አይደለም፤ ወንድ ይሁን ሴትም እሱ ነው የሚወስነው። በዚህች ኤሊ ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ወንድ ይበዛል፣ ከ31 እስከ 34 ባለው ሴት። ከሁለቱም ይምጣ ካልሽ 30 ከግማሽ አካባቢ ያዢውና አትነካኪው። ጾታው የሚለየው ከጠቅላላው ጊዜ መሐለኛው ሲሶ ላይ ስለሆነ፣ ባንድ ቀን የአንድ ዲግሪ ዝቅ ከፍ አትጨነቂ።

ወደ 34 መጠጋቱን ግን አልወደውም። በጣም የሞቀው ሽል ቶሎ ያድጋል፣ ቶሎም ይወጣል፤ ግን አነስ ብሎ፣ አስኳሉንም ሳይጨርስ። ድንጋዩ የተሠራባቸው ክፍሎችም ይዛባሉ፤ አንዱ ለሁለት ይከፈላል ወይ መሐል ላይ ትርፍ አንዲት ጥፍር የምታክል ትገባለች። ይህ መልክ እንጂ በሽታ አይደለም፤ ሲብስ ግን አከርካሪው የተጣመመ ልጅ ይወጣል። አስኳሉ እምብርቱ ላይ እንደተንጠለጠለ የወጣ ካየሽ እንዳትጎትቺው። እርጥብ ሶፍት ላይ አስቀምጠሽ ተዪው፣ በጥቂት ቀናት ወደ ውስጥ ይገባል።

መብራት ሲጠፋስ? መጥፋቱማ አይቀርም። ለእንቁላሉ የሚያሰጋው ግን ከመብረዱ ይልቅ መጋሉ ነው። ለጥቂት ሰዓት ቢቀዘቅዝ እድገቱ ይዘገያል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አይሞትም። ክዳኑን እየከፈትሽ አትዪው፤ ብርድ ልብስ ጣል አድርጊበት፣ ለብ ያለ ውኃ በሃይላንድ ሞልተሽ አጠገቡ አስቀምጪ። የፈላ አይሁን፣ አደራ።

የወንዱ ነገር፦ ሴት ኤሊ ከወንድ ያገኘችውን ዘር ሰውነቷ ውስጥ ለዓመታት ልታቆየው ትችላለች። ወይም ልክ እንደ ዶሮ ባዶውን ጥላው ይሆናል፤ አማትሽ ያመጧት በጣም ድሮ ከሆነ ይሄኛው ያመዝናል። ከወር በኋላ ክፍሉን አጨልሚና ሳታነሺው የስልክሽን መብራት ጎኑ ላይ አስጠጊ። ቀያይ ሥሮች ከታዩሽ ሕይወት አለው።

ደግሞ ኤሊ የዱር እንስሳ ናት፤ ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም በሕግ ያስጠይቃል። ከተፈለፈሉ ለየጎረቤቱ ከማደልሽ በፊት የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ጠይቂ።

ጥያቄ፦ መምህራችን ጾታ የሚወሰነው በክሮሞዞም ነው ብሎ አስተምሮናል። ዶክመንተሪ ላይ ደግሞ አዞ በሙቀት ነው ሲሉ ሰማሁ። ማንን ልመን?
የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከቃሊቲ

መልስ፦ ሁለቱንም እመን ወንድሜ። መምህርህ ስለ ሰው፣ ስለ ዶሮና ስለ ብዙ እንስሳ ልክ ነው። አዞ ግን የጾታ ክሮሞዞም የሚባል ነገር የለውም። ነገሩ መጀመሪያ የታወቀው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ማድለን ሻርኒዬ የምትባል ተመራማሪ ዳካር ላይ የእንሽላሊት እንቁላል በተለያየ ሙቀት አስቀምጣ፣ ቀዝቀዝ ካለው ሴት፣ ሞቅ ካለው ወንድ እንደሚበዛ አሳየች።

የእኛው የዓባይ አዞ፣ ማለትም ጫሞ ሐይቅ ዳር አዞ ገበያ ላይ የምታየው፣ ለየት ይላል። ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ባለችው ጠባብ መሐል ወንድ ይበዛል፤ ከዚያ በታችም ከዚያ በላይም ሴት ነው። ስለዚህ እንደ አርባ ምንጩ ባለ የአዞ እርባታ ውስጥ ሙቀቱ ትንሽ ፈቀቅ ቢል አንድ ዙር ሙሉ ባንድ ጾታ ሊያልቅ ይችላል።

ውስጡ የሚሆነውን ባጭሩ ልንገርህ። ሽሉ አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለው፤ የወንድ ሆርሞንን ወደ ኤስትሮጅን ይቀይራል። ሙቀቱ ይህ ኢንዛይም በብዛት እንዲሠራ ካደረገ እንቁልጢ ይበቅላል፣ ካላደረገ የወንድ ዘር ፍሬ።

ለመምህርህ ወስደህ የምታሳየው አንድ ጉድ ደግሞ አለ። አውስትራሊያ ውስጥ ጺማም የምትባል እንሽላሊት ክሮሞዞም አላት፣ መምህርህ እንዳለው ጾታዋም በእሱ ይወሰናል። እንቁላሉ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ግን በክሮሞዞም ወንድ የሆነው ሽል ሴት ሆኖ ይወጣል፣ እንቁላልም ይጥላል። እዚያው አገር በታላቁ የኮራል ሪፍ ሰሜናዊ ክፍል፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከአረንጓዴ የባሕር ኤሊ ግልገሎች 99 በመቶ ያህሉ ሴት ናቸው። አሸዋው ሞቋላ!

ጥያቄ፦ ከብት አረባለሁ። የእበት ክምሩን ስንገለብጥ ቆዳ ቆዳ የሚመስል ለስላሳ ረዘም ያለ ነጭ እንቁላል ወጣ። የእባብ ነው አሉኝ። ለምን እበት ውስጥ? እናቃጥለው?
አባት፣ ከሰበታ

መልስ፦ ጋሼ፣ እበት ሲብላላ ሙቀት ያወጣል፣ ውጪው ሲበርድ እንኳ ውስጡ ለብ ይላል፤ እባቧ የፈለገችው ያንን ነው። በእባብ ሙቀት ጾታ አይወስንም፤ እሱ በክሮሞዞም ነው። ቶሎ መፈልፈሉን፣ የልጁን መጠንና ጤና ግን ይወስናል። በብርድ አገር ያሉ አንዳንድ እስስቶች ደግሞ ጭራሽ እንቁላል አይጥሉም፤ ሆዳቸው ውስጥ ይዘው ፀሐይ እየሞቁ ቆይተው ይወልዳሉ።

አያቃጥሉት፣ ክምሩም ሊያያዝብዎ ይችላል። አይጥ የሚቀንስልዎ ዓይነት ይሆናል። ልጆች ካሉ ግን እንቁላሉን ከነእበቱ በረጅም አካፋ አንስተው ከቤትና ከበረት ራቅ አድርገው ያስቀምጡት፣ ቦት ጫማም ያድርጉ። መርዛማ ዓይነት ከሆነ ልጁ ከእንቁላሉ ሲወጣ ጀምሮ መርዝ አለው፤ ትንሽ ነው ብሎ ማንም እንዳይነካው።