ሽቦውን በእጃችሁ ጠምጥሙት

ልጆቼ፣ ኤሌክትሪክ መማር ለጀመራችሁ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። ቀመሩን ከመሸምደዳችሁ በፊት ኮይል፣ ማለትም ጥምጥም ሽቦ፣ በእጃችሁ ጠምጥሙ። እኔ ሞተርና ትራንስፎርመር (ቮልቴጅ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ዕቃ) ስጠመጥም ነው ያረጀሁት፤ የማውቀውን አብዛኛውን ያስተማረኝ ያው ሽቦ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ሚስማር፣ ቫርኒሽ የተቀባ ቀጭን የመዳብ ሽቦና አንድ ባትሪ ድንጋይ ነው። የሽቦውን ጫፎች በደንብ ፋቁ፣ አለዚያ ከረንት፣ ማለትም በሽቦው የሚፈሰው ኤሌክትሪክ፣ አያልፍም። ሚስማሩ ላይ 20 ዙር ጠምጥሙ፣ ጫፎቹን ከባትሪው አገናኙና ስንት ስፒል እንደሚያነሳ ቁጠሩ። ከዚያ 100 አድርጉት። ቶሎ ቶሎ አላቅቁት ታዲያ፣ ሽቦውም ባትሪውም ይግላል።

የዴንማርኩ ሳይንቲስት ኤርስትድ እ.ኤ.አ. በ1820 ከረንት ያለበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያዞር አየ። ቀጥ ያለ ሽቦ ግን ጉልበቱ ትንሽ ነው። ስትጠመጥሙት እያንዳንዱ ዙር የራሱን ማግኔት በጎረቤቱ ላይ ይደምራል፤ ያው አንዱ ከረንት መቶ ጊዜ አገለገላችሁ ማለት ነው። ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ ያንን አብዝቶ ያወጣዋል።

እኔን እስከዛሬ የሚገርመኝ ግን እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያየው ነው። የብረት ቀለበት ላይ ሁለት ኮይል ጠመጠመ፣ አንዱን ከባትሪ ሌላውን ከመለኪያ አገናኘ። ቀስቷ የተነቃነቀችው ባትሪውን ሲያገናኝና ሲያላቅቅ ብቻ ነበር። በመሀል ከረንቱ እየሄደም ጭጭ። እቺን ነገር ረጋ ብላችሁ አስቡባት፤ ሁለተኛው ኮይል የሚሰማው ለውጡን ብቻ ነው። ጄነሬተር መሽከርከር ያለበት ለዚህ ነው፣ ትራንስፎርመርም ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ከረንት) የሚፈልገው ለዚህ ነው። 1000 ዙር ላይ 220 ቮልት ብትሰጡት፣ 50 ዙር ያለው ወገን 11 ቮልት ገደማ ያወጣል። ያንኑ 220 በዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ በሚሄድ ከረንት) ብትሰጡት ግን ከረንቱን የሚይዘው የሽቦው ሬዚስታንስ፣ ማለትም የሽቦው ተቃውሞ፣ ብቻ ስለሚሆን ይቃጠላል።

በወጣትነቴ አንድ ትራንስፎርመር ጠምጥሜ ጨረስኩ። በኦሜትር (በሬዚስታንስ መለኪያ) ለካሁት፣ ልክ ነው። ሳበራው ምንም ሳይጫንበት ጋለ፣ የቫርኒሽ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ቁጭ ብዬ ዙር በዙር ፈታሁት። አንድ ቦታ ላይ የስፒል ጭንቅላት የምታህል ቫርኒሽ ተልጣ ሁለት ዙሮች ተነካክተዋል፤ ያቺ ዙር በራሷ ላይ ተዘግታ ለብቻዋ ከባድ ከረንት ሲዞርባት ነበር። ከብዙ መቶ ዙር የአንዷ መጉደል መለኪያ ላይ የት ይታያል? ከዚያ ወዲህ ሽቦ ሲቋጠር ወይም ሲጫጫር ካየሁ እጄን አቆማለሁ።

የግድግዳውን 220 ለጊዜው ተዉት፣ በባትሪ ጀምሩ። በየ10 ዙሩ ወረቀት ላይ ምልክት አድርጉ፣ ስልክ ቢጠራም አታንሱ። ቁጥሩ ከጠፋባችሁ ፈታችሁ ከአንድ ጀምሩ።