ጥርሴን ካስነቀልኩ ወዲህ ከንፈሬ ደንዝዟል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ከሰባት ሳምንት በፊት በቀኝ በኩል የታችኛውን የመጨረሻ መንጋጋ ጥርሴን አስነቀልኩ። አስቸግሮ ስለነበር ድዴ ተቀዶ፣ ጥርሱ ተቆራርጦ ነው የወጣው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የታች ከንፈሬ ቀኝ ግማሽና አገጬ ደንዝዟል። ሰሞኑን ደግሞ ውርር ያደርገኛል። እናቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ታጠጣኛለች፣ ማታ ማታም በትኩስ ፎጣ ትተኩሰኛለች። ከፋርማሲ የቪታሚን ቢ መርፌ ገዝቼ አሥር ተወጋሁ፤ ለውጥ የለም። ጥርሴን ለነቀለልኝ ሐኪም ግን አልነገርኩትም። የትኛው ቪታሚን ይሻለኛል? አክስቴ አፏ ተጣሞ ስለነበር ትንሽ ሰግቻለሁ።

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። የጠየቁኝ ስለ ቪታሚን ቢሆንም እንቅልፍ የነሳዎት የአክስትዎ ነገር ይመስለኛል። እህቴ፣ ይህ ድንዛዜ አፍዎን አያጣምመውም።

ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ሌላ፣ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ሌላ ነው። በታችኛው የመንጋጋ አጥንት ውስጥ ጠባብ ቦይ አለ። የስሜት ነርቩ በዚያ አልፎ አገጭ ላይ ይወጣል። የመጨረሻው ጥርስ ሥር ብዙ ጊዜ ቦዩን ተጠግቶ ስለሚቀመጥ፣ ሲነቀል ነርቩ ሊጫን ወይም ሊለጠጥ ይችላል። እስቲ መስታወት ፊት ይቁሙ። ቅንድብዎን ያንሱ፣ ዓይንዎን ጥብቅ አድርገው ይጨፍኑ፣ ያፏጩ። ሁለቱም ጎን እኩል ከሠራ፣ ፊት የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ደህና ነው።

ውርር ማለቱም ብዙ ጊዜ ጥሩ ምልክት ነው፤ ነርቭ ሲያገግም እንዲህ ያደርጋል። ግን ቀርፋፋ ነው፤ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢያድግ ነው። አብዛኛው ሰው በወራት ውስጥ ይሻለዋል። ደንዝዞ የሚቀርበት ሰው ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ምች። እኛ አገር ፊት ላይ ለሚመጣ ነገር ሁሉ ምች እንላለን፦ ከንፈር ላይ ለሚወጣ ቁስል፣ ከፀሐይ ለመጣ ራስ ምታት፣ ለተጣመመ አፍ። አሁን ደግሞ ለደነዘዘ ከንፈር። የእርስዎ ድንዛዜ የጀመረው ጥርሱ በተነቀለበት ቀን፣ በተነቀለበት በኩል ነው። ምች እዚህ ምን አመጣው? እኔን ያስደነገጠኝ ደግሞ ፎጣው ነው። የደነዘዘ ቆዳ ሲቃጠል አይናገርም። አንዲት ታካሚዬ ከንፈሯ ውኃ ቋጥሮ መጣች። ምን ነካሽ ብላት አታውቀውም። ለካ ጠዋት የጠጣችው ቡና ነው! በደህናው በኩል ቢሆን ኖሮ ሲኒውን ገና ስታስጠጋው ትመልሰው ነበር። ፎጣውን ዛሬ ማታውኑ ያቁሙ። የተጎዳ ነርቭ በትኩስ ነገር አይድንም። እናትዎ ቅር ካላቸው ይህን ያንብቡላቸው። ቡናና ሾርባ በግራ በኩል ይጠጡ፤ ሲያኝኩም ከንፈርዎን እንዳይነክሱ።

መርፌው ግን አናዶኛል። አሥር መርፌ! ማን አዘዘልዎት? ከቪታሚን ቢ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ቢ6 በብዛት ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ራሱ ነርቭ ይጎዳል፤ እጅና እግር ያደነዝዛል። አንድ ነርቭ ለማዳን ሌላውን አያሳምሙ። ሌላ ቪታሚንም አልነግርዎትም።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ ሰባት ሳምንት ሙሉ ጥርሱን ለነቀለልዎ ሐኪም አለመንገርዎ ነው። ማደንዘዣ በሰዓታት ውስጥ ይለቃል። በማግስቱ ካልለቀቀ በማግስቱ ይደወላል። ነርቩ ተበጥሶ ከሆነ በቀዶ ሕክምና የሚጠገነው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ በቆየ ቁጥር ውጤቱ ይቀንሳል። የእርስዎ ጊዜ አላለፈም፣ አይደንግጡ። ግን በዚህ ሳምንት ይሂዱ፤ ወደ አፍና መንጋጋ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት እንዲልኩዎትም ይጠይቁ። እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ወይም የሚያቃጥል ሕመም ከጀመረዎት ይንገሯቸው፤ ለእሱ የተለየ መድኃኒት አለ፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚወሰድ። ከመንጋጋ ሥር እብጠት መጥቶ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረዎ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

እስከዚያው ዓይንዎን ጨፍነው ከንፈርዎንና አገጭዎን በጥጥ ጫፍ ይንኩ። የማይሰማዎትን ቦታ ዙሪያውን በዓይን ኩል አስምረው በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። በየሳምንቱ ይድገሙት። ሐኪሙ ጋ ሲሄዱ ፎቶዎቹንና የጥርሱን ራጅ ይዘው ይሂዱ።